መቅጃው በማን እጅ ነው? ስለ ርካሽ ሳውንድ ካርድ

በዚህ ቻናል በብዛት የሚጻፈው ስለ ምንዛሪ፣ ስለ አዋጅና ስለ ሹም ሽር ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ ትንሽ ሣጥን ልጽፍ ነው። መጠኑ ከግማሽ ጡብ አይበልጥም። ከፊቱ ሁለት የማይክ መግቢያና ጥቂት ማዞሪያዎች አሉት፤ ከኋላው በአንድ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ይገናኛል። ማይክ የሚያወጣውን እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ያጎላል፣ ወደ ቁጥር ቀይሮ ለኮምፒውተሩ ይሰጣል፤ ከኮምፒውተሩ የሚመጣውን ደግሞ መልሶ ድምፅ አድርጎ ለማዳመጫችን ያቀብላል። ባለሙያዎቹ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ይሉታል። ገበያው ሳውንድ ካርድ ይለዋል፤ እኔም ከገበያው ጋር ነኝ።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» የምትሉ ጥቂት ታገሡኝ። ምንዛሪውም አዋጁም እዚሁ ሣጥን ውስጥ አሉ።

ድምፅ እየቀረጽኩ የምሠራ ጋዜጠኛ ስለሆንኩ «ቤቴ ውስጥ ዘፈን ልቀርጽ ነው፣ የትኛውን ልግዛ?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ወጣቶች ናቸው። ዕቁብ ሊወጣላቸው ነው፣ ወይም ውጭ ያለች እህት «ምን ልላክልህ?» ብላለች። ከጥያቄው ጋር አንድ የዩቲዩብ ቪዲዮ አብሮ ይመጣል፤ አንድ ፈረንጅ በስፖንጅ በታጠረ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አሥር ሣጥን ያወዳድራል። የሰውዬው ምክር ለአገሩ ሰው ልክ ነው። እዚያ ያልተስማማ ዕቃ ይመለሳል፣ ገንዘቡም ይመለሳል፣ መብራትም እንደ እኛ አይጠፋም። እኛ ዘንድ ዕቃው ከሻንጣ ወጣ ማለት ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ የእሱ መመዘኛ የእኛ ሊሆን አይችልም።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ስም ካላቸው አምራቾች ከሚወጡት ባለ ሁለት መግቢያ ሳውንድ ካርዶች ርካሹ ለቤት ቀረጻ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚወጣው ገንዘብ በአብዛኛው ምቾት የሚገዛ እንጂ ድምፅ የሚያሳምር አይደለም። ተጨማሪ ብር ያለው ማይኩና ክፍሉ ላይ ያውለው። ይህን የምለው ለቁጠባ ብቻ አይደለም። ርካሽ መቅጃ ሙዚቀኛው እጅ መግባቱ ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ከእሱ ልጀምር።

በዚህ አገር የሙዚቃ ታሪክ «ማን ይቅረጽ?» የሚለው ጥያቄ «ማን ይዝፈን?» ከሚለው ያነሰ ክብደት አልነበረውም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አቶ አምሃ እሸቴ የሚባሉ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩ የሸክላ ነጋዴ ያንን ክልከላ ጥሰው አምሃ ሬከርድስን አቋቋሙ። የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎቻቸው የታተሙት ሕንድ አገር ነበር። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና አንድ ደርዘን ገደማ አልበሞች አወጡ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን ከምናወድሰው ሙዚቃ ብዙው የተረፈልን አንድ ወጣት ነጋዴ ፈቃድ ሳይጠይቅ በመቅረጹ ነው።

ቀጥሎ የካሴት ዘመን መጣ። ሙዚቃ ቤቱ የስቱዲዮውን ይከፍላል፣ ካሴቱን ያባዛል፣ ይሸጣል። ዘፋኙ ብዙ ጊዜ አንዴ ተከፍሎት ይሰናበታል። በዚያው ዘመን ግን አንዲት መነኩሴ ሌላ ነገር እያደረጉ ነበር። ፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ ፒያኖ እየተጫወቱና እየዘፈኑ ራሳቸውን በካሴት ይቀርጹ ነበር። እማሆይ በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ፤ ቅጂዎቹ በአልበም መልክ የወጡት በ2024 ነው። ከጀርባ የወፎች ድምፅ ይሰማል። የስቱዲዮ ባለሙያ ቢኖር ኖሮ «መስኮቱ ይዘጋ» ይል ነበር። ደግነቱ አልነበረም።

ወደ ዛሬ እንምጣ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዘፈኑ ደራሲ መብት ሌላ ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰሩ ለየብቻ መብት ይሰጣል። ፕሮዲዩሰር የሚባለው፣ በቀላል አማርኛ፣ ድምፁ መጀመሪያ እንዲቀረጽ ያነሳሳውና ኃላፊነቱን የወሰደው ሰው ወይም ድርጅት ነው። የጥበቃው ዘመን 50 ዓመት ነው። እንግዲህ አስቡት። አንድ ልጅ የሌላ ሰው ስቱዲዮ ውስጥ፣ በሌላ ሰው ወጪ፣ ያለ ጽሑፍ ውል ከዘፈነ፣ ዘፈኑ ተወዳጅ የሆነ ቀን «ቅጂው የማን ነው?» የሚል ክርክር ይጠብቀዋል። በራሱ ሣጥን፣ በራሱ ማይክ፣ በራሱ ጊዜ የቀረጸ ግን ከዋኙም ፕሮዲዩሰሩም እሱ ነው።

ከሕጉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያቃጥለው ግን ፋይሉ ነው። ዘፈን ሲቀረጽ ድምፁ ለብቻ፣ ክራሩ ለብቻ፣ ቤዙ ለብቻ ይቀመጣል። ዘፋኙ ተቀናብሮ ያለቀውን አንድ ፋይል በፍላሽ ተቀብሎ ይሄዳል፤ ዝርዝሩ ስቱዲዮው ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀራል። አንድ የማውቀው ድምፃዊ ከሦስት ዓመት በኋላ ዘፈኑን እንደገና ሊያሠራ ፈልጎ ቢሄድ ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቶ ተጥሏል። ማንም ክፉ አላሰበም። ግን የሦስት ወር ልፋቱ ከሰው ቤት ዕቃ ጋር ቆሻሻ ውስጥ ገባ።

ስለዚህ ወጣቱ የራሱ መቅጃ ቢኖረው እደግፋለሁ። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ በለቀቀበት ዋዜማ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ130 ብር በላይ ነው። 200 ዶላር የሚያወጣ ሳውንድ ካርድ በባንክ ስሌት ያኔ 11,400 ብር ነበር፤ ዛሬ ከ26,000 ብር ያልፋል። እርግጥ ያኔም ዶላር በ57 ብር የሚያገኝ ሙዚቀኛ አልነበረም፤ ዕቃው የሚገባው በጥቁር ገበያው ዋጋ ነበር። ቢሆንም በ100 ዶላር ሣጥንና በ200 ዶላር ሣጥን መካከል ያለው ልዩነት ዛሬ ከ13,000 ብር በላይ ነው። ውጭ አገር በዚህ ልዩነት ገደማ አንድ እውነተኛ የሹር ኤስኤም 58 ማይክ ይገዛል። ጥያቄው ይህ ነው፤ ሣጥኑ ከሚሻሻል ማይኩ ቢሻሻል አይሻልም ወይ?

ሻጩ የሚያወራላችሁ ስለ 24 ቢት፣ ስለ 192 ኪሎ ኸርዝ፣ ስለ 120 ዴሲቤል ነው። ቁጥሮቹ ውሸት አይደሉም፤ ቤታችን ውስጥ ግን አይሠሩም። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ዘፋኝ ማይክ አጠገብ ሆኖ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ 100 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል እንበል። የኮንዶሚኒየም ክፍል ዝም ሲል፣ ፍሪጁና የመንገዱ ጫጫታ ተደምሮ፣ 40 ዴሲቤል ገደማ ነው። በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው 60 ብቻ ነው። የድሮው የሲዲ መለኪያ፣ ማለትም 16 ቢት፣ 96 ዴሲቤል ይይዛል። ስለዚህ 110 ከ120 ይበልጣል ወይስ ያንሳል የሚለው ክርክር ከጎረቤት ፍሪጅ ድምፅ ሥር የተቀበረ ነው። 24 ቢት ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በጥንቃቄ ለመቅረጽ ሰፊ ቦታ ይሰጣል። ግን ዛሬ በ100 ዶላር ገደማ የሚሸጠውም 24 ቢት ነው። 192 ኪሎ ኸርዝ የሚባለውን ደግሞ ተዉት። በ48 ቅረጹ፤ የተረፈው ሃርድ ዲስክ መሙያ ነው።

ልዩነት ያለበት ሌላ ቦታ ነው። ሻጩ የማይነግራችሁ አንዱ ቁጥር ጌይን ይባላል፤ ሣጥኑ የማይኩን ምልክት ምን ያህል ማጉላት እንደሚችል የሚለካ ነው። ይህ ለእኛ ከሁሉም በላይ አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ቤታችን ነው።

ማይክ በግርድፉ ሁለት ዓይነት ነው። ኮንደንሰር የሚባለው ስሱ ነው፣ ከሣጥኑ 48 ቮልት ይፈልጋል፣ ሁሉንም ይሰማል። ሁሉንም ስል ሁሉንም ነው፤ የጎረቤቱን ቴሌቪዥን፣ ውሻውን፣ ደረጃ ላይ የሚወርደውን ሰው ጫማ፣ ክረምት ከሆነ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ። ዳይናሚክ የሚባለው፣ እንደ ኤስኤም 58 ያለው መድረክ ላይ የምናየው፣ አጠገቡ ያለውን ይሰማል፣ የራቀውን ብዙም አይሰማም። ጸጥ ያለ ክፍል ለሌለው ሰው ዳይናሚክ ይሻላል ባይ ነኝ፤ «ስቱዲዮ ማለት ኮንደንሰር ነው» የሚሉኝ ወዳጆቼ ቅር ቢላቸውም። የዳይናሚክ ችግር የሚያወጣው ምልክት ደካማ መሆኑ ነው። በየፖድካስቱ የምታዩት ኤስኤም 7 ቢ ከደካሞቹ አንዱ ነው፤ አምራቹ ራሱ ቢያንስ 60 ዴሲቤል ጌይን ያስፈልገዋል ይላል። የፎከስራይት ስካርሌት ሦስተኛ ትውልድ 56 ነው የሚሰጠው። ያንን ማይክ በቪዲዮ አይቶ በብዙ ብር የገዛ ልጅ ድምፁ ጠፍቶበት ተጨማሪ ማጉያ ፍለጋ ሲንከራተት አይቻለሁ። ኤስኤም 58 ትንሽ ጠንከር ይላል። ከማይኩ አራት ጣት ያህል ርቆ ድምፁን አውጥቶ ለሚዘፍን ሰው 50 እና 56 ዴሲቤል ይበቃዋል። በለሆሳስ ለሚያዜም ወይም ለሚተርክ ግን ወደ 60 የተጠጋ ይፈለግ።

(በነገራችን ላይ የኤስኤም 58 አስመሳይ በዓለም ገበያ ሞልቷል። ዋጋው ከሚገባው በግማሽ ካነሰ የቅናሽ ዕድል አትበሉት።)

ሁለተኛው መብራት ነው። ፈረንጁ ስለዚህ አንድም ቃል አይናገርም፤ እኔ ግን ከድምፅ ጥራቱ በፊት የምጠይቀው እሱን ነው። ሣጥኑ ኃይል የሚያገኘው ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ገመድ ነው ወይስ የራሱ አዳፕተር አለው? ከላፕቶፑ የሚወስድ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ቀረጻው አይቋረጥም፤ የላፕቶፑ ባትሪ ሁለቱንም ይሸከማል። የቤሪንገር ዩኤምሲ 202 ኤችዲ እንዲህ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ 404 ግን የራሱን አዳፕተር ይፈልጋል። ዘፋኟ ስሜቷ መጥቶ፣ ሦስተኛው አዝማች ላይ ደርሳ፣ ሣጥኑ ከመብራቱ ጋር ድርግም ሲል የሚሰማው ንዴት በዴሲቤል አይለካም።

እዚሁ ላይ አንድ ምሥጢር ልጨምር። ብዙ ሰው «ሳውንድ ካርዴ እዝዝዝ ይላል፣ ተበላሽቷል» ይለኛል። ብዙ ጊዜ አልተበላሸም። የላፕቶፑ ቻርጀር ነው። ብዙ ቤቶቻችን ሶኬቱ ላይ የምድር ሽቦ የለም፤ ቢኖርም በማከፋፈያው ጋር ተቆርጧል። የቻርጀሩ ጫጫታ በዩኤስቢው አድርጎ ድምፁ ውስጥ ይገባል። ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ ቅረጹ፤ ድምፁ ከጠፋ ሣጥኑ ጤነኛ ነው። ቻርጀሩ ባለ ሦስት እግር ከሆነ ሦስተኛውን እግር መስበር መፍትሔ አይደለም፤ ያ እግር ያለው እናንተን ከመያዝ ለማዳን ነው።

ሦስተኛው መዘግየት ነው። ድምፃችን በሣጥኑ ገብቶ፣ በኮምፒውተሩ ዞሮ፣ ወደ ጆሯችን እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል። ኮምፒውተሩ ድምፁን በትንንሽ ጭነት እያጠራቀመ ነው የሚያስተናግደው። ጭነቱ 128 ናሙና ከሆነ በ48 ኪሎ ኸርዝ ወደ 2.7 ሚሊሰከንድ ነው፤ 1024 ከሆነ 21 ሚሊሰከንድ ያልፋል፤ ያ ደግሞ በአንድ መንገድ ብቻ። ደርሶ መልስ ከ40 ይበልጣል። ድምፅ በአየር አንድ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታልና፣ ዘፋኙ ራሱን ከ14 ሜትር ርቀት እንደሚሰማ ቁጠሩት። በዚህ ሁኔታ ምቱን የሚጠብቅ ሰው የለም። መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሣጥኑ ላይ «ዳይሬክት ሞኒተር» የሚባል ቁልፍ መኖሩን አረጋግጡ፤ ድምፁን ኮምፒውተር ሳይነካው ቀጥታ ወደ ማዳመጫ ይሰጣል። ያረጀ ላፕቶፕ ላለው ሰው ይህ ቁልፍ ነፍስ ነው። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ የምትጠቀሙ ከሆነ አምራቹ የራሱን አዚዮ ድራይቨር የሚያቀርብ መሆኑን እዩ። የቤሪንገር ትንሿ ዩኤምሲ 22 ርካሽነቷ ያጓጓል፤ ግን የራሷ አዚዮ ድራይቨር የላትም፣ በሌሎች በተሠራ ማሟያ ነው የምትሠራው። በጥቂት ተጨማሪ ዶላር 202ን መግዛት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ስለ ባህል መሣሪያ የሚጠይቁኝ አሉ። ክራራችሁ ላይ ፒክአፕ ከተገጠመ መግቢያው ላይ «ኢንስትሩመንት» የሚለውን ምረጡ፤ ካልመረጣችሁ ድምፁ ቀጭንና ቆርቆሮ ይሆናል። ፒክአፕ ከሌለው ማይክ ይቅረብለት። ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና በአንድ ማይክ ያምራሉ፤ ለበገና ብቻ ጸጥታው ይበርታ፣ ሰዓቱም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ወዲህ ቢሆን ይመረጣል። ከበሮ ከሆነ ማይኩን አርቁት፣ ጌይኑን ቀንሱት። ሁለት መግቢያ ያለውን የምመርጠውም ለዚህ ነው፤ አዝማሪው ማሲንቆውንና ድምፁን አብሮ ነው የሚያወጣው፤ ለየብቻ ቅረጽ ብትሉት ሁለቱም ይሞታሉ።

እንግዲህ በስም ልጥራ። ገንዘብ የቸገረው የቤሪንገር ዩኤምሲ 202 ኤችዲን ይፈልግ፤ ሁለት መግቢያ፣ 24 ቢት፣ ዳይሬክት ሞኒተር፣ ከላፕቶፕ የሚወሰድ ኃይል። በጣም ውብ ዕቃ አይደለም፣ ሥራውን ግን ይሠራል። ያገለገለ ስካርሌት ቱ አይ ቱ ሦስተኛ ትውልድ በደህና ዋጋ ከተገኘ አታመንቱ። ሶሎ የሚባለው ታናሹ አንድ የማይክ መግቢያ ብቻ ነው ያለው፤ ብቻውን ለሚዘፍንና ክራሩ ፒክአፕ ላለው ይበቃል። አራተኛው ትውልድ ቱ አይ ቱ ጌይኑ 69 ደርሷል፣ መጠኑንም ራሱ ያስተካክላል፤ እህት ከአሜሪካ የምታመጣው ከሆነ ጥሩ ስጦታ ነው። የኦዲየንት ኢቮ 4 እና የሞቱ ኤም 2ም ጎበዞች ናቸው። ኤም 2 ላይ ያለችው ትንሽ ስክሪን የድምፁን ልክ ቁልጭ አድርጋ ታሳያለች። ግን እነዚህን ሁሉ በጭፍን አዳምጡና የትኛው የትኛው እንደሆነ ንገሩኝ ብትባሉ በቤት ቀረጻ የምትለዩ አይመስለኝም፤ እኔም አልለይም።

አትግዙ የምለው አንድ አለ። በየሱቁ «የላይቭ ሳውንድ ካርድ» እየተባለ ከማይክ፣ ከማቆሚያና ከስፖንጅ ጋር በካርቶን የሚሸጠው፣ የሳቅና የጭብጨባ ቁልፎች ያሉት፣ ብዙ ጊዜ ቪ 8 የሚል ጽሑፍ ያለበት። ለቲክቶክ ጨዋታ ይሆናል። አብዛኛዎቹ እውነተኛ 48 ቮልት አያወጡም፣ ትልቁን የማይክ ገመድ አይቀበሉም፣ ማሚቶውን ከድምፁ ጋር አጣብቀው ይቀርጹታል። አንዴ የተጣበቀ ማሚቶ አይላቀቅም። ርካሽ የሚመስለው ይህ ነው በእውነት የሚያከስረው፤ ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ያስገዛልና።

ያገለገለ የምትገዙ ላፕቶፓችሁንና ማዳመጫችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ገመዱን ሰክታችሁ ሶኬቱን በቀስታ አነቃንቁት፤ ግንኙነቱ ከተቋረጠ ጥላችሁ ሂዱ፣ ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው። ማዞሪያዎቹን እያዞራችሁ ስሙ። ሁለቱም ጆሮ ላይ ድምፅ ይኑር። 48 ቮልቱን በኮንደንሰር ማይክ ሞክሩት። በፋየርዋየር የሚሠራ የድሮ ውድ ሣጥን «በነፃ በሚባል ዋጋ» ቢሰጧችሁ አመስግናችሁ እለፉ፤ አዲስ ላፕቶፕ ላይ መሰኪያው የለም። ላፕቶፕ የሌለው ደግሞ ያለ ድራይቨር የሚሠራ ሣጥን ከስልክ ጋር በማገናኛ መጠቀም ይችላል፤ ስልኩ ኃይል ካነሰው መሐል ላይ የራሱ ኃይል ያለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ይገባል።

የስቱዲዮ ባለቤት የሆኑ ወዳጆቼ «ስቱዲዮ ይዘጋ እያልክ ነው ወይ?» ይሉኛል። አይደለም። ሙሉ ባንድ፣ ድራም፣ ኅብረ ዝማሬ ቤት ውስጥ አይቀረጽም። ሚክሲንግና ማስተሪንግ የሠለጠነ ጆሮና የተስተካከለ ክፍል ይፈልጋሉ፤ ለዚያ የሚከፈል ገንዘብ ተገቢ ነው። እኔ የምለው ዘፋኙ በሰዓት እየተቆጠረበት፣ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት እያየ፣ ሃያ ጊዜ መሳሳት የማይችልበት ቦታ ላይ ድምፁን አይማር ነው። ቤቱ ሃያ ጊዜ ይሳሳት፤ ሃያ አንደኛውን ይዞ ስቱዲዮ ይሂድ። እንዲያውም ጥሩ አቀናባሪ የተዘጋጀ ደንበኛ ይወዳል። «ሁሉም ቤቱ ከቀረጸ ጥራት ይወርዳል» የሚለው ክርክር ደግሞ ብዙም አይዋጥልኝም። ጥራት የወረደው ሳውንድ ካርድ ስለረከሰ አይደለም፤ አንድ ዓይነት ቢት ለሃምሳ ዘፈን ስለሚሸጥ ነው።

መንግሥትንም አንድ ነገር ልበል። የልብስ ስፌት መኪና የሥራ መሣሪያ መሆኑን የሚጠራጠር ሹም የለም። ለወጣቶች በብድርም በስጦታም ሲሰጥ በቴሌቪዥን እናያለን። ይህ ሣጥንም ስፌት መኪና ነው። አንድ የተደራጀ የወጣቶች ማኅበር ሁለት ሳውንድ ካርድና አራት ማይክ በብድር ልግዛ ቢል «የመዝናኛ ዕቃ» ተብሎ መመለስ የለበትም። የወረዳ ወጣት ማዕከላት ከፑል ጠረጴዛው ጎን አንድ ብርድ ልብስ የተሰቀለበት ክፍልና አንድ ሣጥን ቢኖራቸው ወጪው ከጠረጴዛው አይበልጥም።

ስለ ክፍሉ ካነሳሁ አይቀር፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ቀጭን ስፖንጅ አትግዙ። ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ከፍታችሁ ፊታችሁን ወደ እሱ አዙሩ፤ ከኋላችሁ ፍራሽ አቁሙ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ከላይ ጣል አድርጉ። ባዶ ሳሎን ውስጥ በሁለት መቶ ዶላር ሣጥን ከተቀረጸው ይህ ይበልጣል። ለሶፍትዌሩም ቢሆን የተሰረቀ ኩቤዝ ስትፈልጉ ቫይረስ ከምታስገቡ ሪፐርን ሞክሩ፤ 60 ቀን በነፃ ያስሞክራል፣ የግለሰብ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው።

ሰሞኑን ከደሴ የጻፈልኝ ልጅ 30,000 ብር እንዳለውና ከዕቁቡ ሌላ የሚጠብቀው እንደሌለ ነግሮኛል። ማሲንቆ ይጫወታል፣ ይዘፍናል፣ ላፕቶፑ የዘጠኝ ዓመት ዕድሜ አለው። ያየው አንድ የ28,000 ብር ሣጥን ነበር፤ ማይክ በኋላ እገዛለሁ ብሏል። የመለስኩለት እንዲህ ነው። ያገለገለ ባለ ሁለት መግቢያ ሣጥን ከነገመዱ፣ አንድ ደህና ዳይናሚክ ማይክ ከነማቆሚያው፣ ጆሮ የሚሸፍን የተዘጋ ማዳመጫ፣ በተረፈው ደግሞ ሁለት ፍላሽ፤ የቀረጽከውን አንዱን አንተ ጋ፣ ሌላውን እናትህ ቤት አስቀምጥ። ከመክፈልህ በፊት ላፕቶፕህን ይዘህ ሂድ፣ ሶኬቱን አነቃንቅ። ቅዳሜ ሊሄድ ነው።